መርማሪ መካኒክ ጠፋ አትበሉ፤ ያባረርነው እኛው ነን

ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለው መኪና ቶሎ የሚያልቅ አይመስልም፣ ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቡና ያለው ቡናውን ይያዝ። የሚቀየም ስለማይጠፋ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምቆጣው መጀመሪያ በራሴ ነው፣ ቀጥሎ በእናንተ።

የዛሬ ሦስት ወር ግድም ስለ ቀይዋ ሚያታዬ እዚሁ ጽፌ ነበር። «ነዳጅ ስሰጣት ታመነታለች፣ ትንቅ ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ ብድግ ብላ ትሄዳለች፤ ምን ይሻላል?» ብዬ። 63 ሰው መለሰልኝ። ስላሰባችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የምሬን ነው። ግን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኳችሁ። ካንዴላ ቀይር ያለኝ 12 ሰው ነው። የቤንዚን ፖምፓ ያለኝ 9። ቦቢና ያለኝ 7። ሴንሰር ነው ያለኝ፣ የትኛው ሴንሰር እንደሆነ ግን ያልነገረኝ፣ 15። «ሽጣትና ካምሪ ግዛ» ያለኝ 11። የቀራችሁት ዘጠኛችሁ ሳቃችሁብኝ። «መቼ ነው የምታመነታው? ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ቆማ ነው በጉዞ ላይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ፈለግኩ። የለም። 63 መልስ መጣልኝ፣ ጥያቄ ግን አንድም አልመጣም።

እኔም ከእናንተ አልሻልኩም፣ እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

መኪናዋን ለማታውቁ፦ የ1991 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ መብራቷ እንደ እንቁራሪት ዓይን ከኮፈኑ ላይ ብድግ የሚል። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 116 የፈረስ ጉልበት፤ የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው፣ ማርሿ በእጅ። ማዝዳ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲያወጣት እነ ሎተስ ኤላንን የመሰሉ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖችን ውበት ወሰደና ዘይት ማንጠባጠባቸውን ለእነሱው ተወላቸው። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። ይህን የምነግራችሁ ልጎርርባችሁ አይደለም፣ ትንሽ ብቻ ነው። ብዙ ስለተሠራች ዕቃዋ እንደ ልብ ይገኛል፣ ርካሽም ነው። እኔን ያጠፋኝ እሱ ነው። ዕቃው ውድ ቢሆን ኖሮ ከመግዛቴ በፊት አስብ ነበር።

ማመንታት ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄን ይዤ ሩት 50 ላይ ወደ ግራ ልታጠፍ ቆምኩ። ከፊት የሚመጣው መኪና ራቅ ያለ ነው፣ ይበቃኛል። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነዳጅ ረገጥኩ። መሀል መንገድ ላይ ትንቅ አለች። ሁለት ሰከንድ ብትሆን ነው። እስቲ አሁን ሁለት ሰከንድ ቁጠሩ፣ በልጃችሁ በር በኩል አንድ ትልቅ ፒክአፕ እየመጣ እንደሆነ አስባችሁ። ሰውዬው ፍሬን ይዞ፣ ጎማው እየጮኸ፣ ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ምንም አላለችም። ቤት ስንደርስ በሩን በቀስታ ዘጋችና ገባች። ከዚያ ወዲህ «አባዬ፣ ባስ ይሻለኛል» ማለት ጀመረች።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ከኮሎምቢያ ፓይክ ብዙም ሳይርቅ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ አለቻቸው። አዲስ አበባ ታክሲው ሰይቼንቶ በነበረ ጊዜ መካኒክነት የጀመሩ ሰው ናቸው፤ ካቻቪቴ ሞተር ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ያየ አለ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ነገርኳቸው። «ለማየት 150 ዶላር ነው። ያገኘሁትን እነግርሃለሁ፤ ከዚያ አሠራህ አላሠራህ የአንተ ነው» አሉኝ።

«ለማየት ብቻ?» አልኳቸው።

«ለማየት ብቻ።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ወገን ነን!»

ይህችን ቃል ስታነቡ እንደምትስቁ አውቃለሁ፣ ሁላችሁም ብላችኋታል። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዝም ብለው አዩኝ። እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን «ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይቀይር 150! ዘረፋ ነው!» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ለሦስት ጓደኞቼም ደውዬ ስማቸውን አጠፋሁ። አሁን የምጽፈው ለዚያም ጭምር ነው።

ከዚያ ሌላ ጋራዥ አገኘሁ። ስሙን አልጠራም፣ ሰውዬውም ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድሜ፣ ለማየት አላስከፍልህም፤ ዕቃውን አምጣና እገጥምልሃለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ይኸው ሒሳቡ፣ አታፍርም በሉኝ። የካንዴላ ገመድ 48 ዶላር፣ ካንዴላ 20፣ ቦቢና 190፣ የኦክስጅን ሴንሰር 75፣ የቤንዚን ፊልትሮ 17፣ ፖምፓ 165፣ ያገለገለ አየር መለኪያ 260። የእጅ ዋጋ በአምስት ጊዜ ተጠራቅሞ 480። ሲደመር 1,255 ዶላር። የ150 ዶላር ምርመራ ዘረፋ ነው ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ የእኔ ደጃፍ ላይ ዛፍ አልቀረም።

በየጊዜው የሚሆነውን ልንገራችሁ። ዕቃውን ገጥሞ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቆማ ባለችበት ነዳጅ ይረግጣል። ሞተሯ ቩም ትላለች፣ ንጹሕ። «ይኸው፣ ዳነች!» ይላል። እኔም አምኜ እወጣለሁ። መጀመሪያ የትራፊክ መብራት ላይ ትንቅ። ተመልሼ እሄዳለሁ። «እንግዲያው ፖምፓው ነው።»

ልብ በሉ፣ ካንዴላና ፊልትሮ መቀየሩ ጥፋት አልነበረም። ገመዱም ቢሆን በዚህች መኪና ቶሎ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ መጠርጠሩ ትክክል ነው። ነዳጅ በደንብ ሲረገጥ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ እሳቷ ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ትፈልጋለች፣ ያረጀ ገመድ ደግሞ ያን ጊዜ ነው እሳቱን መንገድ ላይ የሚያፈሰው። ጥርጣሬው ጥሩ ነበር። ጥፋቱ ጥርጣሬውን ሳይፈትኑ ገንዘብ ማውጣት ነው። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጅን አርቆ፣ በሚረጭ ጠርሙስ ገመዱ ላይ ውኃ እፍ ማድረግ ነበር። የሚያፈስ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ዋጋው የቧንቧ ውኃ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የመጨረሻው ዕቃ ነው። ያገለገለው አየር መለኪያ ሲገባ መኪናዋ እውነትም ተሻላት! ማመንታቷ ግማሽ ያህል ቀነሰ። «አገኘነው!» ብዬ ለሰውዬው ምሳ ጋበዝኩት። በሳምንቱ ጋራዤ በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ፣ ነዳጁም ያልቅ ጀመር፣ ጫፏ ነጣ ብላ የነበረች አዲስ ካንዴላ ከሰል መሰለች። ማመንታቷም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ያን ጊዜ ነው የተሸነፍኩት።

ሽማግሌው ዘንድ ተመለስኩ። አንገቴን ደፍቼ 150 ዶላሩን መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያለፈውን አላነሡብኝም። ወንበር ሰጡኝና ኮፈኑን ሳይከፍቱ ይጠይቁኝ ጀመር። ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? ሁልጊዜ። ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል? አይብስም። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል? ልዩነት የለውም። ልክ ስትረግጣት ነው ወይስ ሃይዌይ ላይ ቆይታ ስትሮጥ? ልክ ስረግጣት። ቆማ ስትረገጥ? ምንም አትል። ከዚያ ሰውየው ፈገግ አሉና፣

«ወደ ኋላ ስትነዳትስ?» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ቆም ብዬ አሰብኩ። የቤቴ መግቢያ ዳገት ነው። በየቀኑ በዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ አወጣታለሁ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ። አንድ ቀን እንኳ ትንቅ ብላ አታውቅም! «ወደ ኋላ ስነዳት ጤነኛ ናት» አልኳቸው። «እንግዲያው ኮምፒውተሯ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለይበት ምክንያት አለው እንዴ? ቦቢናስ? ፖምፓስ?» አሉና ጓንታቸውን አጠለቁ።

አሁን ይህን በደንብ ተከተሉኝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በዚህች መኪና አየሩን የሚለካው ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለ ሳጥን ነው። ውስጡ በሞላ የተያዘች ትንሽ በር አለች። አየር ሲገባ በሯን ይገፋታል፣ በሯ በተከፈተችው ልክ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያዛል። የተለካው አየር ከሞተሩ ፊት ተሻግሮ፣ እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ ጥቁር የጎማ ቱቦ ወደ ስሮትሉ ይሄዳል። ከበሯ በኋላ ቱቦው ላይ ስንጥቅ ካለ፣ በስንጥቁ የሚገባውን አየር ማንም አልለካውም። ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ ቤንዚኑን አይጨምርለትም። አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ፣ ሞተሯ ታነቀች።

ታዲያ ለምን ወደ ፊት ብቻ? አየር መለኪያው የታሰረው ከመኪናዋ አካል ጋር ነው፣ ስሮትሉ ደግሞ ከሞተሩ ጋር። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ሱፖርቶ ላይ ነው። ማርሽ አስገብታችሁ ስትረግጡ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ቱቦው ይለጠጣል፣ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ወደ ኋላ ስትነዷት ሞተሩ የሚያዘነብለው ወደ ሌላው ጎን ነው፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ቆማ ስትረገጥ ደግሞ ጎማውን የሚገፋ ኃይል ስለሌለ ሞተሩ ይህን ያህል አያዘነብልም። ለዚህ ነው ያ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ ቩም ሲያደርጋት ሁልጊዜ የምትድነው! በሽታዋን ደብቃ ሳይሆን፣ እሱ በማትታመምበት ቦታ ላይ ስለሚያያት ነው።

ጥያቄው ብቻ በቂ ነው ብለው ዕቃ አላዘዙም ደግሞ። እዚህ ላይ ነው ያከበርኳቸው። የቤንዚን ግፊት መለኪያ ገጠሙና ሰዓቱን መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈው «ንዳት» አሉኝ። ስትታነቅ ግፊቱ አልወረደም። ፖምፓው፣ የድሮውም አዲሱም፣ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ከዚያ አየር መለኪያውን ከፍተው አሳዩኝ። ሞላውን የሚይዘው ጥርስ ተነካክቷል። አንድ ሰው ኃይል ለመጨመር ብሎ ሞላውን አላልቶታል። በሯ ከሚገባት በላይ ትከፈታለች፣ ቤንዚን ይበዛል። ለዚያ ነው የተሻላት የመሰለው! በስንጥቁ የሚገባውን ትርፍ አየር በትርፍ ቤንዚን እየሸፈነ ነበር። አንድ በሽታ ይዣት ገብቼ በ260 ዶላር ሁለተኛ ገዛሁላት ማለት ነው። ደግነቱ የራሷ መለኪያ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ያስወጣችሁትን ዕቃ እባካችሁ አትጣሉ።

የራሷን መልሰው ገጠሙና የጭስ ማሽኑን አመጡ። ሞተሩ ጠፍቶ አየር መግቢያው ውስጥ ጭስ ይነፋበታል፤ ቀዳዳ ካለ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ነፉ። ምንም። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው የእንጨት መላ አመጡና ሞተሩን በቀስታ ወደ ጎን ገፉት። ከቱቦው ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ጭስ ቡልቅ አለ። ከላይ ብታዩት ቱቦው አዲስ ይመስላል። አውጥተው ሲያጎብጡት ጣት የሚያህል ስንጥቅ። ቱቦው 62 ዶላር። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ለሃያዋ ደቂቃ አላስከፈሉኝም።

እንግዲህ ቁጣዬን ልጀምር።

እኛ ሰዎች ለዕቃ ስንከፍል እጃችን አይንቀጠቀጥም። ዕቃ ካርቶን አለው፣ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ አሮጌው በእጃችን ይሰጠናል። ለዕውቀት ክፈሉ ስንባል ግን ተዘረፍን እንላለን። አገር ቤት ሳለን ሐኪም ዘንድ ሳንሄድ ፋርማሲ ገብተን «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እንል እንደነበረው ማለት ነው። ለሐኪም ከመክፈል ክኒን መግዛት። ጠባዩን በሻንጣ ይዘነው መጣን።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህን የምናደርገው ታክሲ ነጂዎች መሆናችን ነው። እኛ ዕቃ ነው እንዴ የምንሸጠው? ተሳፋሪ ሲወርድ በእጁ ምን ይዞ ይወርዳል? ስልሳ ስድስት ሲዘጋ በየት እንደሚዞር ማወቃችንን ነው የምንሸጠው። «አሥር ደቂቃ ነዳህ፣ ይህ ሁሉ ብር?» ሲሉን ደማችን ይፈላል። ከዚያ መካኒክ ዘንድ ሄደን ያንኑ እንላለን፣ ያውም «ወገን ነን» ብለን።

ውጤቱን እዩት። ለማየት የማይከፈለው መካኒክ ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት። ከየት ያምጣው? ከዕቃ ላይ ትርፍና ከመግጠሚያ ነው። ስለዚህ ቶሎ ገምቶ ቶሎ መግጠም ያዋጣዋል፣ ቁጭ ብሎ ማሰብ ያከስረዋል። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። ከዚያ «ድሮ ቀረ፣ ዛሬ ሁሉም ዕቃ ቀያሪ ነው» እንላለን። መርማሪውን ተቆጥተን ጥለነው ወጣን፣ ገማቹን ምሳ ጋበዝነው።

«ያንተ የመዝናኛ መኪና ነው፣ ለእኛ ምን አገባን» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ የሥራ መኪና ላምጣላችሁ። አንድ ጓደኛችን፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የ2012 ካምሪ ይነዳል። የሞተር መብራት በራ፣ ኮዱ ተነበበ፦ ፒ 0171። የኮዱ ትርጉም ኮምፒውተሩ «ነዳጁ ከአየሩ አንሶ አየሁ» ማለቱ ነው። ይህንን ያየበት ዓይኑ የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ዓይኑን ቀየሩት! ችግሩን አይቶ የተናገረውን ምስክር አስረው ሌባውን ለቀቁት። መብራቱ ተመልሶ በራ። አየር መለኪያ ሴንሰር ቀየሩ። በራ። በመጨረሻ ከሞተሩ ጀርባ የተሰነጠቀች ዘጠኝ ዶላር የማትሞላ ቱቦ ሆና ተገኘች። የሳምንት የታክሲ ኪራይ እየቆጠረበት አራት ቀን ቆመ። አራት ቀን ለእኛ ምን እንደሆነ ለማን እነግራለሁ።

«ኮዱን አስነብብ» የምትሉኝ ደግሞ፣ የእኔዋ የ1991 ናት። አሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ያችን ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ እንዲኖረው የተገደደው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። ኮድ ቢኖራትም ቱቦ ተሰነጠቀ የሚል ኮድ የለም። ኮድ ምርመራው የሚጀመርበት ቦታ ነው፣ እናንተ የሚያልቅበት አደረጋችሁት።

አንድ ያልተሳሳታችሁበት ነገር አለ፣ አልክድም። «150 ከፍለንም እኮ ኮድ አንብበው ይገምታሉ» የምትሉት እውነት ነው። እኔም በሌላ መኪና አንድ ቦታ 120 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት ብዙ ዕቃ መሸጫ መደብር በነጻ የሚያነብልኝን ቁጥር ነው። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀበት። እሱ ምርመራ አይባልም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ምን ምን ትለካለህ?» በሉ። የቤንዚን ግፊት ይለካል? ጭስ ይነፋል? አብሮኝ ይነዳል? ያገኘውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጽፍልኛል? አብሯችሁ ሳይነዳ በጉዞ ላይ ብቻ የሚመጣ በሽታ አገኘሁ የሚላችሁ ሰው ገምቷል። ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ካለ ውጡ። የሚደሰት ካለ፣ እሱ ዘንድ ተቀመጡ።

ሥራው የእሱ ብቻ አይደለም ደግሞ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ሸሽገን ሳይሆን ሳናይ ነው የምንሄደው። «ትታነቃለች» ብቻ ብሎ ቁልፍ መስጠት ምን ማለት ነው? አንድ ሳምንት ያህል ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ስትቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ መቀዝቀዙን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የሙቀት ሴንሰር አካባቢ ይታያል። ዝናብና ጭጋግ ሲሆን ከባሰባት ገመዱና ቦቢናው ይጠረጠራሉ። ሃይዌይ ላይ ረጅም ዳገት ስትወጣ ቆይታ ከደከመች ቤንዚን እየደረሳት አይደለም፣ ፊልትሮና ፖምፓ ነው። ልክ ስትረገጥ ብቻ ከሆነ አየሩ፣ መለኪያውና የስሮትሉ ስዊች ናቸው። በመጨረሻ የተነካ ነገር ካለ እሱን ተናገሩ፣ የነካችሁት ራሳችሁ ብትሆኑም። አብዛኛው ሰው የሚደብቃት እሷን ናት።

ልጄ ባለፈው እሑድ አብራኝ ወጣች። ጣሪያውን አጥፈን፣ ብርድ ነበር ግን አጠፍነው፣ እዚያው ሩት 50 መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ነበር። ሁለት መኪና ሌላ ጊዜ የማሳልፈውን አምስት አሳለፍኩ። ረገጥኳት። ሄደች። ልጄ ስልኳን መልሳ አወጣች፣ ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ስለ ቅዳሜ ልንገራችሁና ልሂድ። ለሽማግሌው ዶሮ ወጥ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ባለቤቴ ናት የላከችው። ቁጭ ብለን ሳለን አንድ ወገን ነጭ ኒሳን ይዞ መጣ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። መኪናው ሃይዌይ ላይ ይቆራረጥበታል። «ለማየት 150» አሉት። «ለማየት ብቻ?» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ሰውዬው የሳቅኩበት መሰለው። ተከትዬው ወጥቼ ላስረዳው ብሞክር መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

ወንድሜ፣ ይህችን ጽሑፍ ካየሃት አንተን አይደለም የሳቅኩብህ። ስማቸውን ያጠፋሁባቸው ሦስት ጓደኞቼም እዚህ ስላላችሁ እናንተም ስሙ፦ የዚያን ቀን የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነበር። ጋሼ ሰኞ ዝግ ናቸው፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሉ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አድራሻውን እልክልሃለሁ። እስከዚያ ልጆቹን ይዘህ ሃይዌይ አትውጣ፣ ወደ ሥራም ስትሄድ በቀኝ በኩል ያዝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያለው ጡሩምባ እየነፋብኝ ነው።